እጅ ያልነሣው ልጅ፤ ስለ ራስ ቅል፥ ስለ አከርካሪና ስለ ጎድን አጥንት ጥቂት ቃል

ስለ ሰው አጥንት ለመጻፍ ብዕር ያነሣነው የሕክምናን ትምህርት ተምረን አይደለም። በቤታችን ከደረሰ አንድ ነገር የተነሣ፥ የገዛ አካላችንን ሳናውቅ ኖረን፥ ባለማወቃችንም በአንድ ሕፃን ላይ ያለ አግባብ እንደ ፈረድን ስለ ተረዳን ነው። ይህን ነገር በጋዜጣ ማውጣት ለአባወራ የሚያኰራ አይደለም፤ ዳሩ ግን ከአንባቢዎቻችን በአንዱ ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ቢኖር፥ እኛ አራት ወር ሙሉ የቈየንበትን ስሕተት እርሱ በአራት ቀን ይተወው ይሆናል ብለን አሰብን።

እኅታችን ባረፈች በዓመቱ፥ በ2011 ዓ.ም. በመስከረም ወር፥ የ9 ዓመት ልጇን ከአገር ቤት አምጥተን ከልጆቻችን ጋር አኖርነው። ልጁ ዝምተኛ ነው፤ ዐይኑ ግን ብዙ ያያል። በቤታችን ሽማግሌ ሲገባ ልጆች ከተቀመጡበት ተነሥተው፥ ጐንበስ ብለው እጅ ይነሣሉ። ይህ ከአባታችን የወረስነው ሥርዓት ስለ ሆነ እንዲጓደል አንወድም። የእኅታችን ልጅ ግን ከመቀመጫው ይነሣል እንጂ አይጐነበስም፤ ጀርባውን እንደ ሸንበቆ አቅንቶ፥ ጕልበቱን ብቻ ጥቂት እጥፍ አድርጎ ወደ ቦታው ይመለሳል። እንግዶቻችን አይተው ዝም ይሉ ነበር፤ እኛን ግን ዝምታቸው ከነቀፋ ይልቅ ይከነክነን ነበር።

አንድ ቀን ብዕራችን ከጠረጴዛው ሥር ወደቀና «አንሣልን» አልነው። እንደ ሌላ ልጅ ከወገቡ ታጥፎ በማንሣት ፈንታ፥ አንድ እጁን በጭኑ ላይ ደግፎ፥ ቀስ ብሎ ቁጢጥ አለና ብዕሩን በዳበሳ አነሣው። ባለቤታችን «ይህ ልጅ ምን ሆኖ ነው?» ብላ ጠየቀች። እኛም «ኵራት ነው፤ ቀስ በቀስ ይለቀዋል» ብለን መለስን። ይህች ቃል ዛሬም ትዝ ስትለን ታሳፍረናለች።

ሌላም ምልክት አልጠፋም ነበር። ከገበታ ሲቀርብ በሁለት ክርኑ ተደግፎ ይቀመጣል፤ እኛም በየቀኑ «ቀጥ በል!» እንለዋለን። ሌሊት አንዳንድ ጊዜ ጮኾ ይነቃል፤ ምን እንዳስጮኸው ቢጠየቅ መልስ የለውም። እናቱን በሕልሙ አይቶ ነው ብለን አዘንለት፤ እናታችንም ጠበል አስመጥተው ረጩት። ወደ ማታ ገደማ ሰውነቱ ይሞቃል፤ ምግብም አይስማማውም፤ በመስከረም የተገዛለት ሱሪ በታኅሣሥ ከወገቡ ይወርድ ጀመር። ይህን ሁሉ እያንዳንዱን ለብቻው አየነው እንጂ አንድ ላይ አድርገን አላሰብነውም። በቢሯችን አምስት ደብዳቤ ስለ አንድ ጕዳይ ቢመጣልን በአንድ መዝገብ እናኖረው ነበር።

የጥምቀት ዋዜማ ባለቤታችን አዲስ ልብስ ልታለብሰው ሸሚዙን ብታወልቅ፥ በጀርባው መካከል የለውዝ ፍሬ የምታህል ጉብታ አየች። እናታችን ወዲያው ወጌሻ አስጠሩ። ሰውየውም መጣ፤ በጣቱ ዳበሰና «አጥንቱ ወልቋል፤ በደረቱ አስተኝታችሁ ያዙልኝ፥ ተጭኜ እመልሰዋለሁ» አለ። ያ ዝምተኛ ልጅ የዚያን ጊዜ ብቻ ተናገረ። የነጠላችንን ጫፍ ይዞ «ጋሼ፥ እባክዎ አያስነኩኝ» አለን። እኛም ለወጌሻው የድካሙን ከፍለን አሰናበትነው። ይህን ያደረግነው አውቀን አይደለም፤ የልጁ ዐይን አስፈርቶን ነው።

በወጌሾች ላይ ነቀፋ እንዳይመስልብን አንድ ነገር እንናገር። እኛ ራሳችን በልጅነታችን ከበቅሎ ወድቀን ክንዳችን ቢሰበር፥ በቀርከሃ አስሮ ያዳነን ወጌሻ ነው፤ ይኸው ዛሬም በዚያው እጅ እንጽፋለን። አከርካሪ ግን ክንድ አይደለም። ይህንንም የተማርነው በማግስቱ ነው።

የወሰድንበት ሐኪም ልጁን ከመንካቱ በፊት ከኪሱ አንድ ሳንቲም አወጣና ከመሬት ጥሎ «አንሣልኝ» አለው። ልጁም ጀርባውን ሳያጥፍ፥ እጁን በጭኑ ደግፎ፥ ቁጢጥ ብሎ አነሣው። እኛ በቤታችን ኵራት ያልነውን ሐኪሙ በአንድ ዐይን አይቶ በሽታ አለው። የታመመው ስፍራ እንዳይነቃነቅ የጀርባው ጡንቻዎች እንደ ወጌሻ ቀርከሃ ገትረው ይይዙታል፤ እንቅልፍ ሲወስደው ግን ጡንቻዎቹ ይላላሉና ሕመሙ በድንገት ይወጋዋል፤ የሌሊቱ ጩኸትም ይኸው ነው። ቀጥሎም ወደ እኛ ዞሮ «እንዲህ ማድረግ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?» ብሎ ጠየቀን። እኛም አንገታችንን ደፋን።

ራጅ ተነሣ። ሐኪሙ ፊልሙን በብርሃን ላይ ሰቅሎ የሰውን አካል እንደ ፊደል ገበታ በጣቱ እያመለከተ አስተማረን። በዚያ ቀን የሰማነውንና ከዚያም በኋላ ከመጻሕፍት ያገኘነውን ነው አሁን የምንጽፈው።

የጎለመሰ ሰው 206 አጥንቶች አሉት። ከነዚህ 126ቱ የእጅና የእግር፥ የትከሻና የዳሌ ናቸው። የቀሩት 80 ግን ከራስ ጀምሮ እስከ ጭራ አጥንት ድረስ በአካል መካከል የቆሙት ናቸው፤ 22 የራስ ቅልና የፊት፥ 6 በጆሮ ውስጥ ያሉ፥ 1 የምላስ ሥር፥ 26 የአከርካሪ፥ 24 የጎድን፥ 1 የደረት አጥንት። እኛም ይህን ስንሰማ ነገሩ የገባን መስሎን «እንግዲህ አከርካሪ የአካል ምሰሶ ነው ማለት ነው» አልን። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ «ምሰሶስ ቢሆን ኖሮ እጅ መንሣት ባልተቻለ ነበር» አለን። እጅ ስለ መንሣት በቤታችን የሆነውን አልነገርነውም ነበር፤ ቃሉ ግን ልባችንን ነካው።

አከርካሪ አንድ አጥንት ሳይሆን፥ አንዱ በሌላው ላይ የተሰካ የአንጓዎች ሰንሰለት ነው። ሕፃን ሲወለድ 33 ያህል አንጓዎች አሉት፤ 7 የአንገት፥ 12 የጀርባ፥ 5 የወገብ፥ 5 በሁለቱ ዳሌዎች መካከል፥ ከነዚያም በታች 4 ያህል የጭራ። ልጁ ሲያድግ በዳሌ መካከል ያሉት 5 ተጣብቀው አንድ አጥንት፥ የጭራዎቹም እንዲሁ ተጣብቀው ሌላ አንድ አጥንት ስለሚሆኑ የጎልማሳው ቍጥር 26 ይሆናል። የአንገቱ 7 መሆን እጅግ ያስደንቃል፤ ቀጭኔም በዚያ ሁሉ የአንገት ርዝመት ያላት 7 ብቻ ነው፤ አይጥም 7 ነው ያላት።

እያንዳንዱ አንጓ በፊት በኩል ክብደት የሚሸከም ድቡልቡል ክፍል አለው፤ በኋላ በኩል ደግሞ እንደ ቀለበት ያለ ቅስት አለው። ቀለበቶቹ ሲደራረቡ አንድ ረዥም ቧንቧ ይሠራሉ፤ በዚህም ቧንቧ ውስጥ ከአንጎል የሚወርደው ኅብለ ሰረሰር ያልፋል፤ ከእርሱም በግራና በቀኝ 31 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ። እጅ የሚጽፈው፥ እግርም የሚራመደው ትእዛዝ በነዚህ ሲደርሰው ነው። ጣታችንን በሰው ጀርባ ላይ ብናስኬድ የምንዳብሰው ጉብ ጉብ ያለ ነገር የቀለበቶቹ ጫፍ ነው እንጂ ክብደት ተሸካሚው ክፍል አይደለም፤ እርሱ ወደ ውስጥ ርቆ ከሆድ ዕቃ በስተ ኋላ ይገኛል። እንግዲህ ጀርባን የሚዳብስ ሰው፥ እጁ ምንም ያህል ቢሠለጥን፥ የቤቱን ክዳን ነክቶ ስለ መሠረቱ የሚፈርድ ሰው ይመስላል።

የልጁ ሕመም በዚያ በማይዳበሰው ክፍል ነበር። ነቀርሳ፥ ዛሬ ሰው ሁሉ ቲቢ የሚለው፥ የሳንባ በሽታ ብቻ ይመስለን ነበር። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1882 ዓ.ም. ያገኘው የዚህ በሽታ ተሐዋሲ ግን በደም ተጕዞ በአጥንትም ውስጥ ይቀመጣል፤ ከአጥንትም ሁሉ አብዝቶ የሚይዘው አከርካሪን ነው። በሁለት አንጓዎች መካከል ይጀምርና የፊተኛውን ድቡልቡል ክፍል ይበላዋል። የፊቱ ፈርሶ የኋላው ቀለበት ስለሚቀር አከርካሪው ወደ ፊት ይታጠፋል፤ የቀለበቱም ጫፍ ወደ ኋላ ይገፋል። ባለቤታችን ያየቻት ጉብታ ይህች ነበረች። በሽታው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1779 ዓ.ም. ስለ እርሱ በጻፈው በእንግሊዛዊው ሐኪም በፐርሲቫል ፖት ስም ይጠራል፤ ነገሩ ግን ከእርሱ እጅግ የቀደመ ነው። ከ3000 ዓመት ገደማ በፊት በግብጽ አገር የአሞን ካህን በነበረ ሰው፥ በመድኃኒት ደርቆ በቈየ ሬሳው ላይ ይኸው ጉብታ ተገኝቷል።

ሐኪሙ በራጁ ላይ የተጣበቁትን ሁለት አንጓዎች አሳየንና «በዚህ ላይ ሰው በጕልበቱ ተጭኖ ቢሆን ኖሮ የፈረሰው አጥንትና መግሉ ወደ ኅብለ ሰረሰሩ ሊገፋ፥ ልጁም ከወገቡ በታች ሊሰንፍ ይችል ነበር» አለን። ባለቤታችን ከወንበሩ ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች። እኛም የነጠላችንን ጫፍ፥ ልጁ ይዞት የነበረውን፥ በጣታችን እናሻሽ ነበር።

መድኃኒቱ 12 ወር የሚወሰድ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወሮች አራት ዓይነት፥ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓይነት። በመንግሥት ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ያለ ዋጋ ይሰጣል። ሐኪሙ አጥብቆ ያስጠነቀቀን አንድ ቀን እንኳ እንዳይታለፍ ነው፤ ልጁ በሦስተኛው ወር ወፍሮ፥ ሳቁም ተመልሶ ሲታይ «እንግዲህስ ዳነ» ብለው መድኃኒቱን የሚያስተዉ ወላጆች ብዙ ናቸውና። የቤቱን ሰው ሁሉ አስመረመረን። ወተትም ሳይፈላ እንዳይጠጣ አዘዘ፤ ከታመመች ላም በጥሬ ወተት የሚተላለፍ የነቀርሳ ዓይነት ስላለ። ለዚህ ትእዛዝ ብዙ ያጕረመረሙት እናታችን ናቸው፤ የትኵስ ወተት ጣዕም ከሌላው ሁሉ ይበልጥባቸዋልና።

ልጁ በተኛባቸው ሳምንታት ከራጁ ጋር ወዳጅ ሆነ። ፊልሙን ከአልጋው አጠገብ ባለው መስኮት ላይ አስለጥፎ እየቈጠረ ይውላል፤ እኛም ከቢሮ ስንመለስ እየተቀመጥን እንማራለን። ራስን ለእሺታ የምናነቃንቀው የራስ ቅል በአንገት የመጀመሪያ አንጓ ላይ ስለሚወዛወዝ ነው። ለእንቢታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የምናዞረው ግን የመጀመሪያው አንጓ በሁለተኛው ላይ ስለሚዞር ነው፤ ሁለተኛው አንጓ ወደ ላይ የወጣ እንደ ጥርስ ያለ ችካል አለው፤ የመጀመሪያውም በዚያ ዙሪያ እንደ ወፍጮ መጅ ሳይሆን እንደ በር በማጠፊያው ይዞራል። እንግዲህ እሺታና እንቢታ ሁለት መገጣጠሚያ ተሰጥቷቸዋል። ልጁ ይህን ካወቀ በኋላ እንቢ ሲል «ሁለተኛው ነው» እያለ ያስቀን ነበር።

በአንጓና በአንጓ መካከል ደግሞ ትራስ አለ። እነዚህ ትራሶች 23 ናቸው፤ ውጫቸው የጠነከረ፥ ውስጣቸው ውኃ ያዘለ እንደ ሙጫ ያለ ነገር ነው። ከአከርካሪው ርዝመት ሩብ ያህሉ የነርሱ ነው። ሰው ቀን ሙሉ ሲቆምና ሲቀመጥ ክብደቱ ውኃውን ጨምቆ ያወጣዋል፤ ሌሊት ተኝቶ ሲያድር መልሰው ይጠጡታል። ስለዚህ ሁላችንም ማታ ከጧት ይልቅ እናጥራለን። እኛ አላመንንም፤ ልጁ ግን በበሩ መቃን ላይ በእርሳስ ጧት አንድ ጊዜ፥ ከቢሮ ስንመለስ አንድ ጊዜ ለካንና ከአንድ ሳንቲ ሜትር የሚበልጥ ጉድለት አገኘብን። ባለቤታችን «ይህ የአለቆች ተግሣጽ ነው» ብላ ቀለደች። ሰው ሲያረጅ ትራሶቹ ስለሚደርቁ፥ አንጓዎቹም ስለሚሳሱ ማጠሩ የዘለቄታ ይሆናል፤ አባታችን በመጨረሻ ዘመናቸው ካባቸው መሬት ይጠርግ የነበረው ካባው ረዝሞ አልነበረም።

የዚያኑ ዓመት ሴት ልጃችን ወለደችና ሕፃኑን ለማየት ስንሄድ ሌላ ነገር ተማርን። የተወለደ ሕፃን ጀርባ እንደ ደጋን አንድ መጕበጥ ብቻ አለው። በ3ኛው ወይም በ4ኛው ወር ራሱን ቀና ማድረግ ሲጀምር አንገቱ ወደ ፊት ይቀለበሳል፤ ዓመት ገደማ ሆኖት ሲቆምና ሲራመድ ወገቡ እንዲሁ ወደ ፊት ይገባል። ጤናማ ጀርባ እንግዲህ የሸማኔ መወርወሪያ እንዳይመስላችሁ፤ በጎን ሲያዩት ወዲያና ወዲህ የሚተጣጠፍ ነው፤ ሸክሙንም የሚችለው እንደ ሞላ ስለሚለጠጥና ስለሚመለስ ነው። እኛ በየገበታው «ቀጥ በል!» ስንል የጠየቅነው ነገር ለጤነኛ ልጅም ቢሆን በአካሉ የሌለ ነበር።

የሕፃኑን ነገር ካነሣን አይቀር ስለ እርግብግቢቱም አንድ ቃል እንጨምር። የራስ ቅል አጥንቶች በልደት ጊዜ ገና አልተጋጠሙም፤ በማኅፀን በር ሲያልፉ አንዱ በሌላው ላይ ጥቂት እየተደረበ ራስን እንዲያጠብቡ ተለያይተው ነው የሚቈዩት። የኋላዋ ቀዳዳ በ2 ወይም በ3 ወር፥ እናቶች ቅቤ የሚያኖሩባት የፊተኛዋ ግን ዓመት ተመንፈቅ ገደማ ሲሆን ትዘጋለች። ከዚያ በኋላ አጥንቶቹ እንደ ስፌት ጥርስ በጥርስ ይያያዛሉ። ሕፃን ተቅማጥ ይዞት እርግብግቢቱ ወደ ውስጥ ቢሰረጕድ አካሉ ውኃ አጥቷልና፥ ያን ጊዜ ቅቤ ፍለጋ ሳይኬድ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

ስለ ጎድን በቤታችን ክርክር ተነሣ። ለፋሲካ በሬ ሲታረድ ልጁ ጤናው ተሻሽሎ በግቢው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበርና የበሬውን ጎድን ቈጠረ፤ በየወገኑ 13 ሆነ። ከዚያም ተነሥቶ የራሱን ራጅ አመጣና በየወገኑ 12 መሆኑን አሳየን። የአባታችን ወንድም፥ መጽሐፍ አዋቂ ሽማግሌ፥ «የወንድ ልጅ ግራ ጎድን አንድ ይጐድላል፤ ሔዋን ከአዳም ጎን ስለ ተፈጠረች» አሉ። ልጁ ራጁን ወደ ፀሐይ ይዞላቸው አብረው ቈጠሩ፤ ግራው 12፥ ቀኙም 12 ሆነ። ይህ ክርክር አዲስ አይደለም፤ አንድሬያስ ቬሳሊዩስ የሚባል ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1543 ዓ.ም. ስለ ሰው አካል ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ፥ ወንዱም ሴቱም 12 ጥንድ ጎድን እንዳላቸው ጽፎ፥ ብዙ ሰው ከሚያምነው ተቃራኒ ሆኖ ነበር። አጎታችን ጥቂት ካሰቡ በኋላ «በጦርነት ጣቱ የተቈረጠ ወታደርም አሥር ጣት ያለው ልጅ ይወልዳል፤ የአዳም ጉድለት ወደ እኛ አልወረደም ማለት ነው» አሉና ወደ ጥሬ ሥጋቸው ተመለሱ። እኛ ከዚህ የተሻለ መልስ ከቀለም ቤትም ሰምተን አናውቅም።

ከ12ቱ ጥንዶች የላይኞቹ 7 እየራሳቸው በልም አጥንት ከደረት አጥንት ጋር ይገናኛሉ፤ ቀጣዮቹ 3 በበላያቸው ባለው ልም አጥንት ይጠጋሉ፤ የመጨረሻዎቹ 2 በፊት በኩል ከምንም አልተያያዙም። ሁሉም ግን በኋላ ከ12ቱ የጀርባ አንጓዎች ላይ ተሰክተዋል። ልጁ ሲያስነጥስ ጀርባው ያመው የነበረው ስለዚህ ነው።

በጆሮ ውስጥ ያሉትን 6 አጥንቶች በራጁ ላይ ልናያቸው አልቻልንም። በየጆሮው ሦስት ናቸው፤ ሐኪሞች መዶሻ፥ መስፍና እርካብ ይሏቸዋል። እርካቡ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን ከአካል አጥንቶች ሁሉ ያነሰ ነው። ስሙን የሰጡት ሰዎች የአውሮፓን ሰፊ እርካብ አይተው ነው፤ የአባቶቻችንን፥ አውራ ጣት ብቻ የሚገባበትን እርካብ አይተው ቢሆን ኖሮ ስያሜው ይበልጥ በሰመረ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. በጥር ወር መድኃኒቱ አለቀ። ልጁም ስለ ታዘዘው ሁሉ ስለ ታገሠ የሚወደውን እንዲመርጥ ብንጠይቀው «የድንቅነሽን አጥንት ልይ» አለ። በአዲስ አበባ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ወሰድነው። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. በኅዳር ወር በአፋር፥ ሐዳር በሚባል ስፍራ የተገኘች፥ የ3 ሚሊዮን 200 ሺህ ዓመት ዕድሜ ያላት ናት፤ ለሕዝብ የሚታየው አምሳያዋ ነው፥ እውነተኛው አጥንት በክብር ተጠብቆ ይኖራል። ከዚያ ከሐዳር ብዙ ሳይርቅ በዲኪካ፥ በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ጓድ በ1993 ዓ.ም. የአንዲት ሕፃን አጥንት አግኝቷል፤ ሰላም ተብላለች፤ ስትሞት ዕድሜዋ 3 ዓመት ገደማ ነበር፤ ከሞተች ግን 3 ሚሊዮን 300 ሺህ ዓመት ያህል ሆኗል። አጥንቷ በድንጋይ ውስጥ ተቀብሮ ስለ ነበረ አሸዋውን ቅንጣት በቅንጣት እየፈለፈሉ ለማውጣት ዓመታት ፈጅቷል። ያ ማንም የማያስበው የምላስ ሥር አጥንት፥ ከሌላ አጥንት ጋር ሳይገናኝ በጅማትና በጡንቻ ብቻ ተንጠልጥሎ የሚኖረው፥ ከእርሷ ጋር ተገኝቷል። ከአንገቷ እስከ ጀርባዋ መጨረሻ ያሉት አንጓዎችም ሳይጐድሉ ተገኙ፤ ሊቃውንት በ2009 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ የአንገቷ 7፥ የጀርባዋ 12 መሆኑን አስታወቁ። የዝንጀሮ ወገኖች የሆኑት ጎሬላና ቺምፓንዚ በብዛት 13 አላቸው፤ ከሰው ጋር የምንጋራው ይህ 12 ቍጥር እንግዲህ ከዚያ ዘመን ጀምሮ በአገራችን ምድር ላይ የነበረ ነው።

በድንቅነሽ የጀርባ አንጓዎች ላይ የሕመም ምልክት እንዳለ ሊቃውንት ጽፈዋል። ይህን በመጽሐፍ አንብበን ስለ ነበረ ለልጁ ነገርነው። ከመስተዋቱ ፊት ብዙ ቆመ። ከዚያም «ጋሼ፥ እርሷንም ቀጥ በይ ይሏት ነበር?» ብሎ ጠየቀን።

እኛም ያን ጊዜ ልንሠራው የሚገባንን፥ ዓመት ሙሉ ስናዘገየው የቈየነውን ነገር አደረግን። በሙዚየሙ አጸድ ከዛፍ ጥላ ሥር ባለ ወንበር ላይ ተቀመጥንና «በድለንሃል፤ ኵራት ነው ብለን ፈረድንብህ፤ ይቅር በለን» አልነው። ለልጅ ይቅርታ መጠየቅ በአባታችን ቤት ያልነበረ ነገር ነው። ልጁ አፈረ፤ ጫማውን ሲያይ ቈየ። «ለምን ያመኛል ብለህ አልነገርኸንም?» ብንለው «ሰው ሁሉ ቀጥ ሲል የሚያመው መስሎኝ ነበር» አለን።

ጉብታዋ አልጠፋችም። በሽታው ሞቷል፤ ሁለቱ አንጓዎች ግን አንድ ሆነው ተጣብቀው ቀርተዋል፤ ከነርሱ በላይና በታች ያሉት ትርፍ ሥራ እየሠሩ ይኖራሉ። ልጁ ዛሬ ቁመቱ ከትከሻችን አልፏል፤ ይሮጣል፥ ይዋኛል፤ በትምህርቱም ከልጆቻችን ይበልጣል። ሽማግሌ ሲገባ ከመቀመጫው ይነሣና አንገቱን ብቻ ዝቅ ያደርጋል፤ እርሱም «በመጀመሪያው አንጓ ነው የምነሣው» ይላል።

ባለፈው ሰሞን አንድ የተከበሩ አዛውንት በቤታችን ቡና ሊጠጡ መጥተው ነበር። ልጁ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጣቸው። ሽማግሌውም እንደ ድሮዎቹ እንግዶቻችን ዝም ብለው ወደ እኛ ተመለከቱ። እኛም ምንም ሳንናገር የ2011 ዓ.ም.ን ራጅ ከሣጥን አውጥተን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ያዝንላቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ልጁን ወደ እርሳቸው ጠርተው «አሳየኝ» አሉት። ከላይ ጀምረው በጣታቸው እየተከተሉ ቈጠሩ፤ ሁለቱ ከተጣበቁበት ሲደርሱ ግራ ገብቷቸው እንደገና ከአንገቱ ጀመሩ። በሦስተኛው ቈጠራ 12 እስኪሞላላቸው ድረስ ቡናው ቀዝቅዞ ነበርና ባለቤታችን ሁለተኛ ቀዳችላቸው።